አብረን ወጥተን ለየብቻ ተመለስን

እህቴ ናት ከቤት ያስወጣችኝ። ያን ሰሞን ኑሮዬ ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ የተወረወረችብኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላለች። ጥርሴን ስቦርሽ እሷ፤ መብራት አጥፍቼ ስጋደም እሷ። መልስ አዘጋጃለሁ፣ መልሱን አሳምራለሁ፣ በሐሳቤ እከራከራለሁ፣ አሸንፋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ከሀ እጀምራለሁ። ስለዚህ እህቴ "ተነሺ፣ ጫካውን አንዴ ዞረን እንምጣ" ስትለኝ እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት።

ሄድን፣ ዞርን፣ ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆም አለችና "ያን ብርሃን ግን አየሽው አይደል?" አለችኝ።

"የቱን ብርሃን?"

"የቱን ትላለች እንዴ! ዛፎቹ መሐል የገባውን ነዋ። ቅጠሉ ሁሉ ወርቅ የመሰለውን!"

አላየሁትም። አጠገቧ ነበርኩ፤ ዓይኔም ክፍት ነበር። ከዚያ መንገድ ትዝ የሚለኝ ግን የጫማዬ ጫፍና ያው ክርክሬ ብቻ ነው። እሷ ፊቷ በርቶ፣ ትከሻዋ ቀሎ ገባች። እኔ እንደወጣሁ ገባሁ።

ነገሩ ከነከነኝ። መንገዱ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ ዛፉ አንድ። "ሲጨንቅሽ ተፈጥሮ ውስጥ ግቢ፣ ቀለል ይልሻል" የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው የለም። እኔም ገባሁ። ታዲያ ለእሷ የሠራው ለእኔ ምነው እምቢ አለ?

የሆስፒታሉ መስኮት

እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ማንበብ ልማዴ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ስቆፍር ቶሎ ከሚገኙት ጥናቶች አንዱ የሮጀር ኡልሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ሰውየው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል። የቀሩት ግማሾች የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነው። ሕመማቸው ተመሳሳይ፣ ነርሶቹም እነዚያው። ዛፍ የሚያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ነርሶቹ "ተከፍታለች፣ ማበረታታት ያስፈልጋታል" ብለው የጻፉትም በግድግዳ ተመልካቾቹ መዝገብ ላይ በዝቶ ነው።

እዚህ ጥናት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ቀልቤን ሳበችው። ኡልሪክ ዛፎቹ ቅጠል ያላቸውን ወራት ብቻ ነው የወሰደው። ቅጠሉ ከረገፈ ንጽጽሩ እንደሚበላሽ ገብቶታል ማለት ነው። ደግሞ እነዚህ ሰዎች አልጋቸው ላይ ናቸው። ዛፎቹ መሐል አልተራመዱም፣ የዛፎቹን አየርም አልሳቡም። ያደረጉት ማየት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የባልና ሚስቱ የራሔልና የስቲቨን ካፕላን ሐሳብ ነው። ሁለቱም ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው። እንደ እነሱ አባባል ትኩረታችን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በግድ የምናውለው ነው፤ ሪፖርት ስንጽፍ፣ መንገድ ስንሻገር፣ የማይጥም ስብሰባ ላይ ዓይናችንን ላለመክደን ስንታገል። ይሄኛው ይደክማል። ሲደክምም ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል። ሌላው ሳንጠራው የሚመጣ ነው። ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ውሃ ሲፈስ፣ ደመና ሲሄድ ዓይናችን በራሱ ይከተላል፤ ምንም አይጠይቀንም። ይሄኛው ሲሠራ የደከመው ያርፋል። ቴሌቪዥንም እኮ ዓይን ይይዛል ትሉ ይሆናል። ቴሌቪዥን ግን ለሐሳብ ቦታ ሳይተው ነው የሚይዘው። ቅጠል ቦታ ይተዋል።

በ2008 ማርክ በርማንና ባልደረቦቹ ይህንን ፈተኑት። ሰዎቹን አንዴ ዛፍ በሞላበት የእጽዋት ስፍራ፣ አንዴ ደግሞ መኪና በሚበዛበት የከተማ መሐል አስኬዷቸው። ከጉዞው በፊትና በኋላ ቁጥሮችን ሰምተው ከኋላ ወደፊት እንዲደግሙ ጠየቋቸው። ከዛፎቹ መሐል የተመለሱት ተሻሻሉ። የገረመኝ ሌላው ነው፤ መሻሻሉ ደስ ከመሰኘት ጋር አልተያያዘም። በብርዱ ወር የሄዱትም ተጠቅመዋል። ማለትም ሳይወዱትም ይሠራል።

ይህን ሳነብ ትንሽ ሳቅሁ። ከእህቴ ጋር የወጣሁ ዕለት የእኔም አእምሮ ሳያርፍ አልቀረም። እንዲያውም ያን ምሽት ለዚያች ዓረፍተ ነገር ያዘጋጀሁት መልስ ከሁሉም የተሻለው ነበር። አስቡት! ጫካው ያሳረፈውን ጭንቅላቴን ይዤ ተመልሼ ለዚያው ክርክር አዋልኩት።

ጎማው የፈነዳ ቀን

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ሰው "ይሄ ብቻ?" ይለኛል። አዎ፣ ይሄ ብቻ።

ከሩቅ መንገድ እየተመለስን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሁላችንንም አወረደንና ከመኪናው ሥር ገባ። እኔ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ፊት ለፊቴ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ማዶ ኮረብታ። ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር አየሁ። የተቃጠለ ሣር መሰለኝ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

ለካ የደመና ጥላ ነው። ቁልቁል እየተንሸራተተ መጣ። ጠርዙ ዛፎች ላይ ሲደርስ ይሸራረፋል፣ ሜዳ ላይ ሲወርድ ደግሞ ይገጥማል። ከፊቱ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከኋላው የተዋቸው አንድ በአንድ ይበራሉ፤ ሲበሩም ከቅድሙ የበለጠ አረንጓዴ ናቸው። ያቺ ብቻዋን የቆመች ዛፍ ጋ መቼ ይደርሳል ብዬ መገመት ጀመርኩ። ከገመትኩት ቀደመ። ከዚያ የሜዳውን አጋማሽ፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ እኔን። ክንዴ ላይ ቅዝቃዜው ተሰማኝ፣ ንፋስም ነካ አደረገኝ። አልፎኝ ሲሄድ ዞሬ አየሁት፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ኮረብታው ስመለስ ሌላው ጀምሯል። እሱንም ጠበቅሁት።

ሾፌሩ "አለቀ፣ ግቡ!" ሲል ደነገጥኩ። ገብቼ ወንበሬ ላይ ስደላደል ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች። የዚያኔ ነው የገባኝ። እስካሁን አልነበረችም ማለት ነው! ዝም ማለቷን ያወቅሁት ተመልሳ ስትመጣ ነው።

ተፈወስኩ አልላችሁም። ስትመለስ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ግን ለሳምንታት እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ነበር፤ ክርክሩን ካላሸነፍኩ ዝም አትልም የሚል። እዚያ ድንጋይ ላይ ማንም መልስ ሳይሰጣት ዝም አለች። ይህን ካየሁ በኋላ በክርክሩ ላይ የነበረኝ እምነት ቀነሰ። ሌሊት ስትመጣም "አሁን ደግሞ ልመልስልሽ ነው?" ማለት ጀመርኩ። አንዳንዴ አልመልስላትም።

ማብሰልሰል ማለት ይሄው ነው፤ ያንኑ የሚያም ነገር ማዞር፣ ማዞር። በ2015 ግሪጎሪ ብራትማንና ባልደረቦቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አስኬዱ። አንዱ ቡድን ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ሌላው መኪና በሚተራመስበት ሰፊ መንገድ ዳር። ዛፍ ባለበት የሄዱት ማብሰልሰላቸው እንደቀነሰ ተናገሩ። በእንዲህ ያለው ማብሰልሰል ጊዜ የሚሠራው የአንጎል ክፍልም ረገብ ብሎ ታየ። የመንገድ ዳሮቹ ላይ ይህ አልታየም። ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን ነው የያዘው፣ የዓለም ማረጋገጫ አድርጌ አልወስደውም። ድንጋዩ ላይ ከሆነብኝ ጋር ግን ይገጥማል።

ልብ ካላየ

ታዲያ ጫካውና ሜዳው በምን ተለያዩ? ጫካ ውስጥ እንዲያውም ብዙ ዛፍ ነበር። ሜዳው ላይ ግን የማደርገው አጣሁ። የምደርስበት የለም፣ ስልክ የለም፣ የማናግረው ሰው የለም። ዓይኔ የሚያርፍበት ሲያጣ ጥላው ላይ አረፈ፤ ልቤም ተከተለው። አባቶች "ልብ ካላየ ዓይን አያይም" ያሉት ለሌላ ጉዳይ ይሆናል፣ እዚህም ግን ልክ ቁጭ ይላል።

በ2014 የወጣ የጂያ ዌይ ዣንግ፣ የራያን ሀውልና የራቪ አየር ጥናት ይህን በሌላ በኩል ያነሳዋል። ከተፈጥሮ ጋር ቅርበት አለኝ የሚሉ ሰዎች በሕይወታቸው የበለጠ ይረካሉ ተብሎ ሲነገር ኖሯል። እነሱ አንድ ጥያቄ ጨመሩበት፤ የተፈጥሮን ውበት ልብ ትላላችሁ ወይ? ውበቱን የሚያስተውሉት ጋ ቅርበቱና እርካታው አብረው ሄዱ። የማያስተውሉት ጋ ግንኙነቱ ጠፋ። ተፈጥሮን እወዳለሁ ማለትና አበባዋ ጋ ቆም ማለት የተለያዩ ሆነው ተገኙ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በርማን ሳትወዱትም አእምሯችሁ ያርፋል ይላል። እነ ዣንግ ካላስተዋላችሁ ቅርበቱ ከእርካታ ጋር አይያያዝም ይላሉ። የሚጋጩ ይመስላሉ። እኔ ግን ስለ ሁለት ነገር የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ። የደከመ ትኩረት ማረፍ በራሱ የሚሆን ነው፤ ዛፍ መሐል መግባት ይበቃዋል። ልብን ቀለል የሚያደርገው ሌላው ነገር የእኛን ድርሻ ይጠይቃል። ድርሻው ትንሽ ነው፣ ግን ማንም አይሠራልንም። እህቴ ጎኔ ሆና ብርሃኑን ስታይ ለእኔም ማየት አልቻለችም።

ውበት ስል አረንጓዴ ብቻ ማለቴም አይደለም። በብሪታንያ ቻኑኪ ሰረሲንሄና ባልደረቦቿ በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ከፎቶ አይተው ውብ ባሉት አካባቢ የሚኖሩት ጤናችን ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ውብ የተባሉት ቦታዎች ግን የግድ ከሁሉም አረንጓዴ የሆኑት አልነበሩም። ፎቶዎቹ ላይ ግራጫ፣ ቡናማና ሰማያዊም ሞልቷል። ዓለት፣ ደረቅ ኮረብታ፣ ሰማይ፣ ውሃ። ይሄ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉ ሰው ደን አጠገብ አይኖርም። ሰማይ ግን ከየትም ይታያል።

ማነስ ደስ የሚልበት ጊዜ

ጥላው ሲመጣ የተሰማኝን አንድ ነገር እስካሁን አልነገርኳችሁም። አነስኩ። ስብሰባው ላይ አንሼ ነበር፣ ያኛው ያማል። ይሄኛው አላመመኝም። ሜዳውን ሙሉ የሸፈነ ነገር በእኔ ላይ አለፈ፤ እኔን ፈልጎ አልመጣም፣ እኔን ሊነካ አላሰበም። እና እኔም የዚያ ሁሉ ነገር አንድ ትንሽ ክፍል ሆንኩ። የእኔ ጉዳይ የዓለም መሐል መሆኑ ለጥቂት ጊዜ ቀረ።

ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት በ2003 በመደነቅ ላይ ሲጽፉ ሁለት ነገር አንስተዋል፤ ከእኛ የገዘፈ ነገር መኖሩና የለመድነው ሐሳብ ያንን ለመያዝ መስፋት ግድ የሚሆንበት መሆኑ። በኋላ ፖል ፒፍ፣ ኬልትነርና ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን ወስደው በጣም ረጃጅም ባሕር ዛፎች ሥር አቆሟቸው። አዎ፣ ባሕር ዛፍ። ለአንድ ደቂቃ ሽቅብ እዩ አሏቸው። ሌሎቹን ደግሞ ረጅም ሕንፃ አሳዩአቸው። ከዚያ አንድ ሰው ድንገት የወደቀበት መስሎ እስክሪብቶ በተነ። ዛፉን ያዩት ብዙ እስክሪብቶ ለቀሙለት። የአንድ ደቂቃ ነገር ነው እንግዲህ።

ሌላው የቨርጂኒያ ስተርም የ2020 ጥናት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ለ8 ሳምንት በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ። ግማሾቹ በመንገዳቸው የሚያስደንቅ ነገር እንዲፈልጉ ተነገራቸው፤ ለሌሎቹ ምንም አልተባለም። ሁሉም ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ። ሳምንታት ሲያልፉ የደናቂዎቹ ፎቶ ላይ የራሳቸው ምስል እያነሰ፣ ከኋላቸው ያለው ዓለም እየሰፋ ሄደ። ፈገግታቸው ደግሞ ጎላ። ይህን ሳነብ የድሮ ፎቶዎቼን ከፈትኩ። ግማሹ ላይ ተራራው በጆሮዬ በኩል ትንሽ ብቅ ብሏል።

የሚያምረው ነገር ሲያም

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ሰው ክፉኛ ሲከፋው ውበት ራሱ ይወጋል። የምትወጂው ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው የሚያምር ጠዋት የሚያናድድ ነው። ፀሐይዋ እንዴት ደፈረች ያሰኛል። በዚህ ሰዓት "ወጣ በይና ተፈጥሮን አድንቂ" የሚል ሰው ቢመክር ባይመክር ይሻላል። እኔ እንዲህ ላለ ሰው አብሬው ብሄድ እንጂ እይ አልለውም።

ለተራው ድብርት ግን ሌላ እንቅፋት አለ፤ ግምታችን። "ብወጣስ ምን ዋጋ አለው?" እንላለን። ካናዳ ውስጥ ኤልዛቤት ኒስቤትና ጆን ዘለንስኪ በ2011 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ግማሹን በደጅ፣ ግማሹን ሕንፃዎችን በሚያገናኝ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አስኬዱ። አስቀድመው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው እንዲገምቱ ሲጠየቁ፣ ደጅ መውጣቱ የሚሰጠውን ደስታ አሳንሰው ገመቱት። ወጥተው ሲያዩት ከገመቱት በላይ ሆነ። እኔም ሲደብረኝ ስለ መውጣት የማስበውን አላምነውም። የደበረው ጭንቅላት ነው እየገመተ ያለው።

ስንት ሰዓት ልውጣ ለሚል፣ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰዎችን የያዘ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤናችንና ስሜታችን ጥሩ ነው እንዳሉ አሳይቷል። በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ቁጥሩን እንደ መመሪያ ባትይዙት እመርጣለሁ። ድሮውንም ደህና የሆነ ሰው ይበልጥ ይወጣ ይሆናል፤ ጥናቱ ይህን አይለይም። ደግሞ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። እርምጃ እየቆጠሩ፣ ሰዓት እያዩ፣ "አሁን ልረጋጋ" እያሉ የሚሄዱት መንገድ ያው ሌላ ሥራ ነው። እኔ የማደርገው ይህች ናት፤ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር እመርጣለሁ። ደመና፣ ወፍ፣ ቅርንጫፍ፣ የጉንዳን ሰልፍ። እስኪያልቅ ወይም እስኪሰወር አየዋለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ፎቶ ካነሳሁ ማየቱን ለስልኩ አስረክቤ እሄዳለሁና።

ምንም የማይታይበት ጊዜ

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ወጥተሽ፣ ቆመሽ፣ አይተሽ፣ ምንም። ዛፉ ዛፍ ነው፣ ሰማዩ ሰማይ። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ከሆነ ያጋጥማል፤ እኔንም ያጋጥመኛል። በፊት ደስ ያሰኙሽ የነበሩ ነገሮች ሁሉ፣ ዘፈኑም ጨዋታውም ልጆቹም፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ከሆኑብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለነገሮች ደስታ ማጣት ሐኪሞች የድባቴ ሕመምን ለመለየት ከሚጠይቋቸው ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም፣ በእግር ጉዞም ብቻ አይታለፍም። ሕክምና አለው፤ መራመዱ ከሕክምናው ጎን ይሄዳል እንጂ አይተካውም። ሐኪም ጋ ስትሄጂ የሕመም ስም ፍለጋ አትድከሚ። "ድሮ ደስ ይለኝ የነበረው ነገር አሁን ምንም አይለኝም" በይው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ንገሪው። የቀረውን እሱ ይጠይቅሻል።